የውሻ ጩኸት በአክሲዮን ገበያ

በአሜሪካ የሚኖር ወዳጄ ሰሞኑን እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «የቤት እንስሳት ኩባንያዎችን አክሲዮን ልገዛ አስቤአለሁ። እዚህ ሰው ከራሱ ምሳ ቢቀንስ ከውሻው አይቀንስምና አልከስርም።» ውሻ የደጅ ዘብ ብቻ በሆነበት ግቢ ላደግሁት ለእኔ ነገሩ እንግዳ ነው። ይሁን እንጂ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁና ሐሳቡን በቀላሉ ልተወው አልቻልኩም።

በናስዳቅ ገበያ እያንዳንዱ ኩባንያ የሚጠራበት አጭር መለያ አለው። የእንስሳት ሆስፒታሎች ባለቤት የሆነው ቪሲኤ መለያው «ዉፍ» ነበር፤ በእንግሊዝኛ የውሻ ጩኸት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቸኮሌትና የእንስሳት ምግብ አምራቹ ማርስ እያንዳንዱን አክሲዮን በ93 ዶላር ገዝቶ ኩባንያውን ጠቀለለው፤ ቪሲኤም ከገበያው ወጣ። በ2021 የእንስሳት ምግብና ዕቃ የሚሸጠው ፔትኮ ያንኑ «ዉፍ» ወርሶ አክሲዮኑን በ18 ዶላር ለሕዝብ አቀረበ። በ2024 ዋጋው ከ2 ዶላር በታች ወረደ።

ጩኸቱ አንድ፣ ፍቅሩም አንድ፤ ዕጣው ግን ለየቅል ሆነ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ምግብና ማሰሪያ ከየትም ይገዛል፤ ውሻውን የወደደ ሁሉ ሱቁን አይወድም፤ በኢንተርኔት የረከሰ ሲያገኝ ወደዚያው ያመራል። ውሻው ታሞ ሲያቃስት ግን ባለቤቱ በሐኪሙ ፊት ዋጋ አይከራከርም። የሆስፒታሉ አክሲዮን ብርታት ከዚህች ዝምታ ይመነጫል።

እኔን የከነከነችኝም ይህችው ዝምታ ናት። ትርፉ የሚገኘው ሰው መከራከር በማይችልባት ሰዓት ከሆነ፣ የባለአክሲዮኑ ደስታና የባለውሻው ጭንቀት በአንድ ደረሰኝ ላይ ይጻፋሉ። ዝምታዋም ዘላለማዊ አይደለችም። በብሪታንያ ትልልቅ ድርጅቶች የየአካባቢውን ክሊኒክ እየገዙ ከጠቀለሉ በኋላ የሕክምናው ዋጋ ቅሬታ አስነሣ፤ የገበያ ውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በ2024 መደበኛ ምርመራ ከፈተ። ምርመራው ሊከፈት መሆኑ በተሰማ ጊዜ በገበያ ላይ ያሉት የእንስሳት ሕክምና ድርጅቶች አክሲዮን ዋጋው አሽቆለቆለ። ባለውሻው ያልተናገረውን ሕግ ተናገረለት ማለት ነው።

ለወዳጄ «ግዛ» ወይም «አትግዛ» አላልኩትም። «የምትገዛው ኩባንያ የሚያተርፈው እንስሳውን ስለሚያድን ነው ወይስ ባለቤቱ ዋጋ ለመጠየቅ አፉ ስለሚያያዝ? ይህን ሳትለይ ገንዘብህን አታውጣ» ስል መለስኩለት። የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሁለተኛው ግን በሰው ፍቅር ላይ የተጣለ ግብር ነው፤ እንዲህ ያለውን ግብር ደግሞ ከፋዩ አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም።