«ልጄን መሞከሪያ አደረገቻት» ለምትሉ ወላጆች

ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።

በቅርቡ አንዲት እናት የ14 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ልጅቷ ከመኪና አደጋ ከተረፈች ወራት አልፈዋል። እንቅልፍ የላትም፣ ታክሲ አትሳፈርም፣ የፍሬን ድምፅ ስትሰማ ትበረግጋለች። ቀደም ብዬ ወደ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ልኬያቸው ነበር። ከሦስት ቀጠሮ በኋላ አቋርጠዋል። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ «ዶክተር፣ በሄድን ቁጥር ወረቀት ታስሞላታለች። ጥናትም ትሠራለች አሉ። ልጄ አይጥ ናት እንዴ?» አሉኝ።

ይህን አባባል በብዙ መልኩ ሰምቼዋለሁ። «ጥሩ አማካሪ ያዳምጣል እንጂ አይጽፍም።» «ተመራማሪ ለወረቀቱ እንጂ ለሰው አይጨነቅም።» እኔ ደግሞ በግልጽ ልናገር፦ ሊያስፈራችሁ የሚገባው ሥራውን የማይለካው ቴራፒስት ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ከአደጋ የተረፈን ሰው ወዲያው አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ እንዲናገር ማድረግ ለዓመታት እንደ ትክክለኛ እርዳታ ይቆጠር ነበር። ዲብሪፊንግ ይባላል። «ተናግሮ ይውጣለት» የምንለው እኛም ቤት አለ። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ቅን ነበሩ፤ ብዙ ተረጂዎችም አመስግነው ይሄዱ ነበር። ከዚያ ግን ተመራማሪዎች ለኩት። እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪታንያ በወጣ ጥናት፣ ቃጠሎ የደረሰባቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ከ13 ወር በኋላ ዲብሪፊንግ ካገኙት 26 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 9 በመቶ የሚሆኑት ከአደጋ በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም፣ ማለትም ፒቲኤስዲ ነበረባቸው። ዲብሪፊንግ ያገኙት ከመጀመሪያውም ቃጠሏቸው ከበድ ያለ ስለነበር፣ ልዩነቱ በሙሉ የዲብሪፊንጉ ጥፋት ነው አይባልም። ሆኖም ሌሎች ጥናቶችም ተደምረው ሲታዩ ሕመሙን እንደማይከላከል ታወቀ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ማንም ባይለካው ኖሮ እስከ ዛሬ በቅንነት እንቀጥልበት ነበር።

«ታዲያ ስለ አደጋው ማውራት ጎጂ ነው ማለት ነው?» አይደለም። እዚህ ላይ ነው ሕክምናንና ምርምርን አብሮ የያዘ ባለሙያ የሚያስፈልገው።

ፕሮፌሰር ኤድና ፎአን እንውሰድ። እስራኤል ተወልደው አሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ናቸው። የመሠረቱት ማዕከል ስሙ ራሱ «የጭንቀት ሕክምናና ጥናት ማዕከል» ነው። በእሳቸው ዘዴ ታካሚዋ በሠለጠነ ባለሙያ ፊት ትውስታዋን ደጋግማ ትተርካለች፣ የምትሸሻቸውን ነገሮችም ደረጃ በደረጃ ትለማመዳለች። በአብዛኛው ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል። በ1991 ይህን ዘዴ ተደፍረው በነበሩ ሴቶች ላይ ከሌሎች ዘዴዎች ጋር አወዳደሩት። ሕክምናው እንዳለቀ ሲለካ የበለጠው የራሳቸው ዘዴ ሳይሆን ጭንቀትን የመቋቋም ሥልጠና ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ግን የእሳቸው ዘዴ ወደ መብለጡ አዘነበለ። ሁለቱንም ውጤት አሳተሙ።

በዚህም አላበቁም። በ2013 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 የሆኑና ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው 61 ልጃገረዶች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ዘዴው ከተለመደው አዳምጦ የማበረታታት ምክር የተሻለ ውጤት ሰጠ፤ ለውጡም ከዓመት በኋላ አልጠፋም። ልብ በሉ፣ ማዳመጥ ብቻውን ይጠቅማል፤ ግን በቂ አልነበረም። ይህን ልዩነት በስሜት ማወቅ አይቻልም።

እናትየዋ ግን አንድ እውነት አላቸው። ማንም አላስረዳቸውም። ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች እንለይ፦

✅ በየቀጠሮው የሚሞላው መጠይቅ በአብዛኛው የሕክምናው አካል ነው። እኔ ደም ግፊት እንደምለካው ማለት ነው። ልጅቷ እየተሻላት ነው ወይስ እየባሰባት የሚለውን ያሳያል።

✅ ጥናት ከሆነ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊያጸድቀው፣ የእናንተ ፈቃድና የልጃችሁ ስምምነት ሊጠየቅ ይገባል። እምቢ ማለት መብታችሁ ነው፤ እምቢ ስላላችሁም ሕክምናዋ ሊቀርባት አይችልም። ሳይነግራችሁ ጥናት ውስጥ ያስገባችሁ ካለ ቁጣችሁ ተገቢ ነው፣ እኔም አብሬያችሁ እቆጣለሁ።

ከማቋረጣችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. የልጄ ችግር ምንድን ነው? የምትሰጪያትስ ሕክምና ለዚህ ችግር ተፈትኗል?
2. ይህ ወረቀት ለሕክምናዋ ነው ወይስ ለጥናት?
3. ለውጥ መኖሩን በምን እናውቃለን? በስንት ቀጠሮ?
4. ካልተሻላትስ ቀጣዩ ምንድን ነው?

እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ወረቀቱን አውጥቶ «ባለፈው ወር እዚህ ነበረች፣ አሁን እዚህ ደርሳለች» ብሎ የሚያሳያችሁን ግን አትልቀቁ።

ማሳሰቢያ፦ ልጃችሁ ራሷን ስለ መጉዳት ካወራች ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

ለሚያስፈልገው ወላጅ ሼር አድርጉ።