የጠየቅነው የትናንቱን ነበር

ሰኞ ጠዋት ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አክስቴ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ስልኬን ሌሊት ሰው ነክቶብኛል» አሉኝ። ቤታቸው ሌላ ሰው አያድርም። በሩም እንደተቀረቀረ ነው የነጋው። ስልኩ አልጋቸው አጠገብ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ ዋይፋዩም እንደተከፈተ አድሯል፤ ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው ብሮውዘር እሳቸው ተኝተው ሳለ ራሱን አፕዴት አድርጓል። ሲነጋ የሚያውቁት ነገር ሁሉ ከቦታው ተነስቷል።

«ሰው ነክቶብኛል» ማለታቸው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ትክክል ናቸው። ፊቱን አይተውት የማያውቁት ሰው ከሩቅ ሆኖ ነክቶባቸዋል።

አክስቴን የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቋቸዋላችሁ። ስለ ባንኩ አፕ በጻፍኩ ጊዜ «ላክ የሚለውን ወዴት ወሰዱት?» ያሉት እሳቸው ናቸው። ብሮውዘራቸው ውስጥ ሰባት ገጾች አሏቸው፤ ዘግተዋቸው አያውቁም። ከላይ የዕለቱ ግጻዌ፣ ቀጥሎ ስንክሳር፣ ከዚያ የዶላር ምንዛሪ፣ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት፣ የስኳር ሕመምተኛ አመጋገብ፣ አንድ ሬድዮ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቨርጂኒያ ያለው ልጃቸው የሚኖርበት ከተማ የአየር ሁኔታ። ርዕሱን እያነበቡ አይደለም የሚከፍቷቸው፤ በተራቸው ነው። ሦስተኛው ዶላር፣ ሰባተኛው ልጄ። እዚያ በረዶ ከጣለ ማታ ይደውሉለታል። ያን ዕለት ሰባቱ ገጾች ከዝርዝርነት ወጥተው ትንንሽ ሳጥን ሆነዋል፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ አንዳንዱም ሌላው ሆድ ውስጥ ገብቷል። አዲስ ገጽ መክፈቻዋ የመደመር ምልክት ከአናት ወደ ግርጌ ወርዳለች።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ሄድኩ። የቀድሞውን ብሮውዘር ለመመለስ ነበር የሄድኩት፤ «እንደነበረ አደርግልዎታለሁ» ብዬ ቃል ገብቼ ነበር።

መንገዱ ለሚያውቀው አጭር ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አፕስ ከሚለው ሥር ብሮውዘሩን መምረጥ፣ ከዚያ ቀኝ አናት ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች መንካት። ሌላ አፕ ቢሆን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል። አብሮ የመጣ ግን አይጠፋም፤ ከላዩ የተጫነበትን አፕዴት ብቻ ነው ማንሳት የሚቻለው። ስልኩ በአማርኛ ሲሆን ለዚህ ሥራ የተመረጠለት ቃል «አራግፍ» ነው። ቃሉን እወደዋለሁ። ጋቢ ይራገፋል፣ ምንጣፍ ይራገፋል፤ አቧራው ይሄዳል፣ ጋቢው ይቀራል። እዚህ ግን ጋቢውም አብሮ ይሄዳል፦ ከማራገፉ በፊት ስልኩ የፋብሪካው ቨርዥን እንደሚተካና በአፑ ውስጥ ያለው ዳታ ሁሉ እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል። ክፍት ገጾቹም የዚያ ዳታ አካል ናቸው።

ስለዚህ አስቀድመን ቁጭ ብለን ገለበጥን። አክስቴ የዕቁብ ደብተራቸውን አመጡ፤ በጀርባው ሰባቱን አድራሻዎች እኔ በላቲን ፊደል ጻፍኩ፣ እሳቸው በየአጠገቡ በአማርኛ ስሙን ጻፉ። እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ አመሳከርን። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ከዚያ አራገፍኩ።

የመጣው ብሮውዘር ግን እሳቸውም የማያውቁት ነው። ስልኩ በ2012 ዓ.ም. የተገዛ ነው፤ የመጣልንም ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ውስጡ የነበረው ነው። እኛ የጠየቅነው ያለፈው እሑድ ማታ የነበረውን ነው፤ የተሰጠን ከዓመታት በፊት የነበረው ሆነ። ከሰባቱ ገጾች ሁለቱ እንደ ወጉ አልከፈት አሉ። አክስቴ መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄማ የእኔ አይደለም» አሉ። ደግሞም ትክክል ናቸው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው። አንድሮይድ ስልክ አብረውት የመጡትን አፖች ባለቤቱ ሊጽፍበት በማይችል የተቆለፈ ክፍል ያስቀምጣቸዋል። አፕዴት ሲመጣ ያንን አይነካም፤ በሌላ ክፍል ከላዩ ይነጠፋል። ከሥር ሰሌን፣ ከላይ አንድ ምንጣፍ እንደማለት ነው። አዲስ ምንጣፍ ሲመጣ የቀድሞው ተጠቅልሎ አይቀመጥም፤ ይጣላል። ስለዚህ ባለቤቱ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ የዛሬው ምንጣፍ ወይም ባዶው ሰሌን። ለዓመታት የተቀመጠበት፣ የሚያውቀው፣ እጁ የለመደው ምንጣፍ የትም የለም። ዝቅ ያለ ቁጥር ያለውን ቨርዥን ከፍ ባለው ላይ ልጫን ቢልም ስልኩ አይቀበለውም።

ሰፈራችን ያለው ሞባይል ጠጋኝ መካከለኛ መንገድ አለ ብሎኝ ነበር። ካራገፉ በኋላ የተፈለገውን የቀድሞ ቨርዥን ፋይል ከኢንተርኔት አውርዶ መጫን ነው። ልጁ ሥራውን ያውቃል፤ ያለውም ሐሰት አይደለም። ቁጥሩ ከፋብሪካው እስከበለጠ፣ የሠሪው ዲጂታል ፊርማም እስከገጠመ ድረስ ስልኩ ይቀበላል። ብሮውዘሩ ክሮም ከሆነ፣ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ክሮምና ለሌሎች አፖች ገጽ የሚያሳየው ዌብቪው የሚባለው የስልኩ ክፍል በጋራ የሚጠቀሙበት ሌላ ጥቅል ስላለ እሱንም በልኩ ማግኘት ያስፈልጋል። እኔ አልፈለግኩም። ፊርማው ፋይሉ በሌላ እጅ አለመነካቱን ያረጋግጥልኛል፤ ውስጡ ያሉትን፣ ዓለም ሁሉ ያወቃቸውን የደህንነት ቀዳዳዎች ግን አይደፍንልኝም። አክስቴ ባንካቸውን የሚከፍቱት በዚሁ ስልክ ነው።

ማራገፍ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። መጋቢት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል፦ በመላው ዓለም አንድሮይድ ስልኮች ላይ ጂሜይልን ጨምሮ ብዙ አፖች ሲከፈቱ ወዲያው መዘጋት ጀመሩ። ጥፋቱ የአፖቹ አልነበረም። ገጽ የሚያሳያቸው ያው ዌብቪው የተበላሸ አፕዴት ደርሶት ነበር። ጉግል ማስተካከያውን እስኪያወጣ ድረስ ሰዎች ስልካቸውን ያዳኑት የዌብቪውን አፕዴት በማራገፍ ነው፤ ሳምሰንግም ለደንበኞቹ ይህንኑ መክሯል። ያን ቀን ወደ ኋላ መመለስ መድኃኒት ነበር።

ከዚያም በፊት ደኅና ዘመን ነበረ። ዊንዶውስ 7 ሲወጣ አብሮት የመጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ነበር። 9 መጣ፣ 10 መጣ፣ 11 መጣ። ከላይ ያለውን ሲያራግፉት ከእሱ በፊት ተጭኖ የነበረው ተመልሶ ይመጣል። ያው የለመዱት። ያን ብሮውዘር ብዙ ሰው ያማው ነበር፤ እኔም አምቼዋለሁ። በዚህ ነገር ግን ዛሬ በኪሳችን ከምንይዘው ይልቅ ሰው ያከብር ነበር።

መሐንዲስ ወዳጅ አለኝ፤ ይህን ሳነሳ ሁልጊዜ አንድ መልስ አለው፦ «አሮጌ ብሮውዘር አደገኛ ነው፤ ክፍት በር ነው፤ አንተ ደግሞ ክፍት በር ትናፍቃለህ።» አደገኛነቱን አምናለሁ። አጥቂዎች አስቀድመው የደረሱባቸው ቀዳዳዎች በየዓመቱ ደጋግመው ይገኛሉ፣ ይደፈናሉም፤ ያልታደሰ ብሮውዘር ይዞ መቆየት ለማንም አልመክርም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ቀዳዳውን የሚደፍነው ጥገናና የመደመር ምልክቷን ከአናት ወደ ግርጌ የሚያወርደው ለውጥ ለምን በአንድ ጥቅል ይመጣሉ? ጣሪያዬን ሊጠግን የመጣ ሰው አልጋዬን ወደ ኩሽና አዛውሮ ቢሄድ፣ ጣሪያው አሁን አያፈስም ብሎ ሊያጽናናኝ ይችላል?

ደግሞ አይቻልም እንዳትሉኝ። ፋየርፎክስ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመሥሪያ ቤቶችና መረጋጋት ለሚፈልጉ ሰዎች በኮምፒውተር ላይ ለዓመት ያህል ገጽታው የማይለወጥ፣ የደህንነት ጥገናው ግን የማይቋረጥ ቨርዥን ያወጣል። ክሮምም በ2021 እ.ኤ.አ. ለአብዛኛው ሰው በየአራት ሳምንቱ መለወጥ ሲጀምር፣ ለድርጅቶች የስምንት ሳምንት ምርጫ አስቀምጧል። ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ በዊንዶውስ ላይ ክሮምን ለድርጅት ሠራተኞች የሚያስተዳድር ባለሙያ ወደ ቅርብ የቀድሞ ቨርዥን መመለስ ይችላል፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መመሪያ አለው። መንገዱ አለ ማለት ነው። በሩ ለድርጅት ተከፍቷል፤ ለአክስቴ ተዘግቷል። ወዳጄ ይህን ስነግረው ርዕስ ለወጠ።

ስለ ብሮውዘር መንግሥታት ስንት ተከራክረዋል መሰላችሁ። የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍትን ፍርድ ቤት ያቆመው በዋናነት ብሮውዘሩን ከዊንዶውስ ጋር ስላጣበቀ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2013 እ.ኤ.አ. ይኸው ኩባንያ ለተጠቃሚዎች የብሮውዘር ምርጫ ለማቅረብ የገባውን ቃል ስላጎደለ 561 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ትልልቅ ነገሮች ናቸው። የሁሉም ጥያቄ ግን የማን ብሮውዘር ስልካችን ላይ፣ ኮምፒውተራችን ላይ ይቀመጥ የሚል ነው። የተቀመጠው ብሮውዘር ትናንት እንደነበረ እንዲቆይ መጠየቅ የማን መብት ነው የሚለውን ያነሱ አይመስልም። አክስቴ የሌላ ኩባንያ ብሮውዘር አልፈለጉም። የራሳቸውን ነው የፈለጉት።

ማክሰኞ ማታ ተስፋ ቆርጬ ቡና ስጠጣ ስለ ፊደል አወሩኝ። ያነሱት ራሳቸው ናቸው። ማንበብ የተማሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ማታ ማታ፣ ሦስተኛ ልጃቸውን አዝለው። አስተማሪያቸው የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ነበር። የመጀመሪያው ወር እንደ ተራራ ከብዷቸው እንደነበር ነገሩኝ። «በኋላ ግን ገባኝ» አሉ። «ሀ ሁልጊዜ አናት ላይ ነው። ጠዋትም ብትሄድ፣ ማታም ብትሄድ፣ ሌላ ሰው ቤት ያለ ገበታ ላይም ብታይ አናት ላይ ነው። አንዴ ቦታውን ካወቅኩት ማንም አይወስድብኝም። ለዚያ ነው የደፈርኩት።»

ይህን ሲሉ የዕቁብ ደብተሩ ጭናቸው ላይ ነበር። የሰባቱን ገጾች ስም የጻፉበትን መስመር አየሁት፤ ቀጥ ያለ፣ እያንዳንዱ ፊደል ተለይቶ የሚነበብ፣ ዘመቻው ላይ የተማሩት ያው የእጅ ጽሑፍ ነው። አርባ ምናምን ዓመት አልተለወጠም። አርጅተው ነው አዲስ ነገር የሚያቅታቸው የሚል ሰው ካለ ይህን ደብተር ላሳየው እወዳለሁ። ሴትየዋ ልጅ አዝለው ፊደል የለዩ ናቸው። ባንኩን ተምረዋል፣ ቴሌግራም ተምረዋል፣ የቪዲዮ ጥሪ ተምረዋል። ያደከማቸው መማሩ አይደለም። የተማሩትን ሳይጠይቁ እየነጠቁ ከሀ ጀምሩ የሚሏቸው ሰዎች ናቸው።

ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩና ብሮውዘሩን ወደ አዲሱ ቨርዥን መልሼ አሳደግኩት፤ ለባንካቸው ስል። ሌላ ደኅና ምርጫ አላገኘሁም። ከዚያ ፕሌይ ስቶር ውስጥ የብሮውዘሩን ገጽ ከፍቼ፣ በሦስቱ ነጥቦች በኩል ራሱን እንዳያድስ ምልክቱን አነሳሁ። ከእንግዲህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እየሄድኩ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እያዩ እናድሰዋለን። የተለወጠ ነገር ካለ እዚያው አብረን እናየዋለን። ሰባቱን ገጾችም ከደብተሩ እያየን አንድ በአንድ መልሰን ከፈትን፤ በየሳጥኑ ላይ ጣታቸውን እያደረጉ ቆጠሯቸው። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ተሳሳቱ፣ እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

ዓርብ ማታ ስልኬ ጠራ። «ሰባተኛውን ብቻዬን አገኘሁት» አሉኝ። «እዚያ በረዶ ጥሏል።» ልጃቸው ጋ ሊደውሉ ስለቸኮሉ ሳልመልስላቸው ዘጉት።