ለአስተማሪ የሚሰጥ መጽሐፍ

ጎረቤቴ ባለፈው ወር የልጇን ደብተር ይዛ መጣች። አስተማሪዋ በቀይ እስክሪብቶ «ክፍል ውስጥ ያሾፋል» ብላ ጽፋበታለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉ ሲንጫጫ አስተማሪዋ «ጆሯችሁን ስጡኝ!» ትላለች። የ9 ዓመቱ ልጅ ጆሮውን በእጁ ይዞ ከወንበሩ ተነሣና ወደ እርሷ ሄደ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እርሱም ውጭ ቆመ። እናቱ ኦቲዝም እንዳለበት ስታስመዘግበው ተናግራለች፤ ቃሉን ሰሙ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳቸው አልነበረም።

«ለአስተማሪዋ የምሰጣት መጽሐፍ ፈልጊልኝ» አለችኝ። እርስዎም ይህ ጥያቄ ካለብዎት ያገኘሁትን ልንገርዎት።

መጀመሪያ የሰጠኋት አሜሪካዊቷ እናት ኤለን ኖትቦም የጻፈችውን ነው፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ እንድታውቁለት የሚመኛቸው 10 ነገሮች» እንደማለት ነው። 60 ተማሪ ለያዘች አስተማሪ ወፍራም የሕክምና መጽሐፍ መስጠት ሸክም መጨመር ነው። ይህኛው ግን አንድ አንድ ምዕራፍ እየተባለ በሻይ ሰዓት ይነበባል። ከአሥሩ አንዱ ንግግርን ቃል በቃል ስለሚረዳ ልጅ ነው። የእኛ አማርኛ ደግሞ በዚህ በኩል ምሕረት የለውም፤ «ልብ በል»፣ «አፍህን ሰብስብ» ስንል እንውላለን። «ደብተራችሁን ዝጉና ወደ እኔ ተመልከቱ» ቢባል ግን ያ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ይዘጋል።

ለተማሪዎቹስ? ለእነርሱ ልብ ወለድ ይሻላል እላለሁ። ኤል ማክኒኮል እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመችው «አንድ ዓይነት ብልጭታ» የ11 ዓመቷን የአዲን ታሪክ ይተርካል። ደራሲዋም ገጸ ባሕርይዋም ኦቲዝም አለባቸው። አዲን አስተማሪዋ አትረዳትም፤ እርሷ ግን በስኮትላንድ መንደሯ ድሮ «ጠንቋይ» ተብለው ለተገደሉ ሴቶች መታሰቢያ እንዲቆም ትታገላለች። ኦቲዝምን እርግማን ነው እያለ ልጁን ከእንግዳ የሚደብቅ ቤተሰብ ባለበት አገር ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ የታገሉት ከዚሁ አመለካከት ጋር ነበር።

የልብ ወለድ ሌላው ጥቅም ልጆቹ ስለ አዲ እንጂ ስለ ክፍል ጓደኛቸው አለማውራታቸው ነው። የልጅዎን ስም እርሱም እርስዎም ሳትፈቅዱ ማንም በክፍል ፊት እንዳያነሣ አደራ ይበሉ።

ብዙ ሰው የሚጠቁመው የጃፓናዊው ናኦኪ ሂጋሺዳ «የምዘልበት ምክንያት» አለ፤ በ13 ዓመቱ የጻፈው ነው ይባላል። ሐሳቡን የገለጸበትን መንገድ የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች ስላሉ ለአስተማሪ መጀመሪያ የምሰጠው እርሱን አይደለም።

የጠቀስኳቸው በእንግሊዝኛ ናቸው። ለታናናሾቹ ክፍሎች አስተማሪዋ ማታ አንብባ ጠዋት በአማርኛ ብትተርክላቸው ይበቃል፤ ጎረቤቴም ሁለት ምዕራፍ በእጇ ገልብጣ ሰጥታታለች። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ደግሞ ከአሁኑ ይዘዙት፤ ሻንጣ የሚሞሉ መጻሕፍት አይደሉም።