የጨዋታው ሐኪምና የመንገዱ ቁስለኛ

ባለፈው ሰንበት ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ከሚኖር አንድ ወዳጃችን ቤት ለምሳ ተጠርተን ሳለ፥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የቤቱ ልጅ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ በጦርነት ጨዋታ ተመስጦ አገኘነው። እንደ ትልልቅ ሰዎች ልማድ ልንገሥጸው አፋችንን ስንከፍት፥ ልጁ የሚታገለው ከጠመንጃ ጋር ሳይሆን ከወደቀ ጓደኛው ቁስል ጋር መሆኑን አየንና ዝም አልን።

ጨዋታው «አርማ 3» ይባላል። የቼክ አገር ኩባንያ የሆነው ቦሂሚያ ኢንተርአክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው። ከፋብሪካው እንደ ወጣ ከሆነ የቆሰለ ሰው በአንዲት የመድኃኒት ከረጢት በጥቂት ሴኮንድ ይነሣል፤ ይህም ከተረት የሚሻል አይደለም። ነገር ግን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያለ ክፍያ ደክመው «ኤስ» የተባለ ተጨማሪ ሠርተውለታል። በዚህ ተጨማሪ ውስጥ ራስ፥ ደረት፥ ክንድና እግር ለየብቻቸው ይቆስላሉ፤ ደምም እንደ ቁስሉ መጠን ይፈሳል። ሐኪሞች ቱርኒኬት የሚሉት ደም ማገጃ ማሰሪያ ለእጅና ለእግር እንጂ ለደረት አይሆንም፤ ታስሮ ከተረሳም ቁስለኛውን ያሠቃየዋል። ሞርፊን ሕመም ያስታግሣል፥ ሲደጋገም ግን ይገድላል። በድሮው ዘመን በአገራችን ድሬሰር ይባል የነበረውን ሰው ሥራ ልጁ በጣቱ ጫፍ ይሠራው ነበር ማለት ነው።

እኛን ደስ ያሰኘን የመድኃኒቱ ብዛት ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። ልጁ በመጀመሪያ ደሙን አቆመ፤ ቀጥሎ የልቡን ትርታ ለካ፤ ስለ ሕመሙ ያሰበው ከዚያ በኋላ ነው። በከተማችን መንገድ ላይ ሰው በመኪና ሲገጭ የምናየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሕዝቡ ይሰበሰባል፥ ይጮኻል፤ አንዱ ውሃ ያፈስሳል፥ ሌላው ክንዱን ይዞ ይጎትታል፤ ቁስለኛውም እንደ ጆንያ ተሸክመውት ታክሲ ውስጥ ይገባል። ደሙ የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ የሚጫን ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ርኅራኄውማ ሞልቷል።

ጨዋታ ምን ያስተምራል የሚል ቢኖር፥ ዛሬ በዓለም ሁሉ ትንፋሽ መስጠትና ደረት መጫን የሚለመድባትን አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1960 የሠራት ኦስሙንድ ሌርዳል የተባለ ኖርዌጃዊ መጫወቻ ሠሪ መሆኑን እንነግረዋለን። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጨዋታ ደግሞ የሐኪሙን ቦታ የፈለገ ተጫዋች ክፍል ገብቶ ትምህርት ማዳመጥና መፈተን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን ካሮላይና አንድ መኪና ሲገለበጥ፥ ከተጫዋቾቹ አንዱ ጣቶቹ የተቆረጡበትን ሾፌር በዚሁ ትምህርት እንደ ረዳ ተናግሯል።

ይህን ስንል ጨዋታው አይዋሽም ማለታችን አይደለም። የጨው ውሃ በደም ሥር ሲገባ የፈሰሰው ደም እንደ ተመለሰ አድርጎ ይቆጥራል፤ የጨው ውሃ ግን እንደ ደም ኦክስጅን አይሸከምም። ከሁሉም ይልቅ ከመዳፍ ሥር የሚፈልቀውን ሙቅ ደም፥ የቁስለኛውን ጩኸትና የረጂውን እጅ መንቀጥቀጥ አያውቅም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከጨዋታ ያገኘ ወጣት ለእጁ ደግሞ አስተማሪ ያስፈልገዋል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ይሰጣል። የለቡ ትምህርት ቤቶች ከማኅበሩ ጋር ተነጋግረው እንዲህ ያሉትን ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሰበስቧቸው፥ ግማሹን ትምህርት ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች ያገኛሉ። ወጪውም ከፋሻና ከአንዲት አሻንጉሊት ብዙ አይበልጥም።

ቡናው ቀርቦ ስንጠጣ ልጁን፥ «እስቲ የአባትህን ክንድ እሰር» አልነው። የእናቱን ነጠላ አምጥቶ ጠመጠመው። አባትየው ክንዳቸውን ቢያወዛውዙት ነጠላው ተፈትቶ ወደቀ። ልጁ ሳቀና ወዲያው ደግሞ፥ «ታዲያ እንዴት ነው የሚታሰረው?» ብሎ ጠየቀን። በዚያ ቤት ከነበርነው አምስት ትልልቅ ሰዎች መልስ የሰጠው አልነበረም።