ደረቴን ያመመኝ ጀርባዬ ነበር

አራት ወር ሙሉ ልቤን ስጠረጥር ከረምኩ። በደረቴ ግራ በኩል የሚወጋኝ ነገር ነበር፤ በረጅሙ ስተነፍስ፣ ሳስነጥስ፣ ልጄን ከአልጋው ሳነሳ ይብሳል። እናቴ «ብርድ ነው» አለች፤ የሥራ ባልደረቦቼ «ጨጓራሽን ታዪው» አሉ። እኔ ግን ሌሊት ነቅቼ የተኛ ልጄን እያየሁ የማስበው ሌላ ነበር።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ ኢሲጂና የደረት ራጅ ተነሳሁ፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። የታዘዘልኝን ማስታገሻ ስውጥ ይተወኛል፣ ሳቆም ይመለሳል። እናቴ «ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩሽ» ስትል፣ አንዲት ጓደኛዬ ካይሮፕራክተር እንዲያየኝ መከረችኝ። ካይሮፕራክቲክ በ1895 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተጀመረ፣ አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የማከም ሙያ ነው።

ባለሙያው ውጤቶቼን አይቶ ብዙ ከጠየቀኝ በኋላ የነካው ጀርባዬን ነው። በትከሻ አጥንቶቼ መካከል አንድ ቦታ ጫን ሲያደርግ፣ ያ የማውቀው ውጋት ደረቴ ላይ ብቅ አለ! 12 ጥንድ ጎድን አጥንቶች አሉን፤ ሁሉም ከኋላ ከአከርካሪ ጋር ይገጣጠማሉ፣ ስንተነፍስም ይንቀሳቀሳሉ። የኋላው መገጣጠሚያ አልላወስ ሲል ሕመሙ ዞሮ ከፊት ሊሰማ ይችላል።

በሳምንት አንዴ፣ ለስድስት ሳምንት ታከምኩ። «ቋ» የሚለው ድምፅ ወልቆ የነበረ አጥንት ሲመለስ ሳይሆን በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለ ጋዝ የሚፈጥረው እንደሆነም ተረዳሁ። ግማሹ ሕክምና ግን ቤቴና ቢሮዬ ውስጥ ነበር፦ ላፕቶፔን መጻሕፍት ደርቤ ከፍ አደረግኩት፣ በየግማሽ ሰዓቱ እነሳለሁ፣ ማታ በር መቃን ይዤ ደረቴን እዘረጋለሁ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ «በአንድ ቀን እናድናለን» የሚል ማስታወቂያ ስመለከት እጠራጠራለሁ። እናንተም ተጠራጠሩ። ታሪካችሁን ሳይጠይቅ ጀርባችሁን ለሚይዝ ሰው እሺ አትበሉ። ፈቃዱን ጠይቁ። የአጥንት መሳሳት፣ የአከርካሪ ቲቢ፣ ካንሰር ወይም የቅርብ ጊዜ ስብራት ያለበት ሰው ጀርባው በኃይል መጫን የለበትም።

ከሁሉም በፊት ግን ልብ ይታይ። የደረት ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለም ለሐኪም ንገሩ። እኔ ወደ ጀርባዬ የዞርኩት ልቤ ደህና መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።

ውጋቱ ሥራ ሲበዛ ዛሬም ብቅ ይላል። ልጄን ግን ያለ ፍርሃት አነሳዋለሁ።