ከወለሉ ሥር የቀበርኩት ጉድ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቧንቧ ነው። “ደግሞ ቧንቧ ምን ሊሆነን?” ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ነው? ቆዩማ! ነገ ጎጆ ለመቀለስ የምታስቡ ሁሉ ይመለከታችኋል። እኔ በአንዲት የቧንቧ መገጣጠሚያ ሰበብ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሁለት ወር ተኮራርፌያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ቤት ሠራ። እናታችን የምትኖረው ደባርቅ ነበር። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ናት። እማየን ቁርጥማት ሲያስቸግራት “ከእኛ ጋር ትሁን፣ በሙቅ ውኃ ትታጠብ” ተባለና ቦይለር ተገዛ። የሙቅ ውኃው መስመር ወደ ወጥ ቤት የሚሄደው በእሷ ክፍል ወለል ሥር ነው። ሥራውን እንድቆጣጠር የተሾምኩት እኔ!

ቧንቧ ሠራተኛው ገጣጥሞ ሲጨርስ “ወንድሜ፣ ሳልፈትሸው እንዳታስደፋብኝ። ነገ ፓምፕ ይዤ እመጣለሁ” አለኝ። የወንድሜ ሠርግ አስር ቀን ቀርቶታል። ሲሚንቶው ተቦክቷል፣ የቀን ሠራተኞቹ ቆመዋል። “ባክህ ምንም አይሆንም!” አልኩና ቤቶኑን አስደፋሁት።

ሠርጉ አለፈ። በሦስተኛው ወር እማየ “ይቺ ጥግ ትሞቃለች፤ እግዜር ይስጣችሁ” ብላ ፍራሿን ወደዚያ ሳበች። ለካስ የሚያሞቃት የሚፈሰው ውኃ ኖሯል! የውኃውና የመብራቱ ሂሳብ ሲመጣ ጉዱ ፈላ። ወለሉ በመዶሻ ሲፈለጥ፣ መታጠፊያው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሙቅ ውኃ ይረጫል። ወንድሜ “ሳይፈተሽ ማን አስደፋው?” ሲል “ሠራተኛው ነዋ!” አልኩ። ሰውየው ተጠርቶ እውነቱን ተናገረ። ወንድሜን ከወለሉ ይልቅ ያሳዘነው ውሸቴ ነበር።

በኋላ ሠራተኛውን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሻይ ስንጠጣ ያስተማረኝን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከተቻለ ከወለል ሥር መገጣጠሚያ አይኑር። መገጣጠሚያው ግድግዳ ላይ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ፒፒአር ቧንቧ ግን ብዙውን ጊዜ በ4 ሜትር ቁመት ስለሚሸጥ አንዳንዴ መቀጠል ግድ ነው። ያኔ በጥርስ የሚጠብቅ ሳይሆን በሙቀት የሚበየድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ብየዳው ጥድፊያ አይወድም። ማሽኑ 260 ዲግሪ መድረስ አለበት። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ ባለ 25ቱ 7 ሰከንድ ይሞቅና ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል። እስኪቀዘቅዝ አይነካም። እርጥብ ወይም አቧራ ያለበት ቧንቧ በደንብ አይበየድም።

ሦስተኛ፣ ለሙቅ ውኃ የተሠራ ቧንቧ ግዙ። ሲሞቅ ስለሚረዝም ስፖንጅ መሰሉ መሸፈኛ ይልበስ፤ ቤቶኑ አንቆ አይያዘው። ሙቀቱም መንገድ ላይ አይባክንም።

አራተኛ፣ ዋናው ይኸው ነው፦ ሳይፈተሽ አይደፋ! ጫፎቹ ተደፍነው፣ አየሩ ወጥቶ፣ በፓምፕ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ይሞላ። በ4 ባር የሚሠራ ከሆነ በ6 ባር ማለት ነው። የግፊት መለኪያው ከወረደ የሚያፈስ ቦታ ሊኖር ይችላል። ቤቶኑ ሲደፋም ግፊቱ እንዳለ ይቆይ። ከመደፋቱ በፊት ሜትር ዘርግታችሁ በሞባይል ፎቶ አንሱት።

ቤታችሁ ተሠርቶ ካለቀ ደግሞ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩ። ከዞረ ውኃ እየፈሰሰ ነው። የቦይለሩን መግቢያ ስትዘጉ ከቆመ ችግሩ ከሙቁ መስመር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ችላ አትበሉ፤ ውኃው ሲጠፋ የተቀደደው ቧንቧ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል።

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይባል የለ? እኔ አንድ ቀን መታገስ አቅቶኝ ወንድሜን ሙሉ ወለል አስፈረስኩት። ካጠፋችሁም ቶሎ “እኔ ነኝ” በሉ፤ ወለል በሲሚንቶ ይጠገናል፣ ውሸት ግን አይጠገንም።

አሁን ታርቀናል። እማየ ብቻ “ያቺን የምትሞቅ ጥጌን አጠፋችሁብኝ” እያለች እስከ ዛሬ ትወቅሰናለች። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!