የብርቱካን ዋጋ ከችግኝ ጣቢያ ይጀምራል 🍊

እ.ኤ.አ. በ2024 የብርቱካን ጭማቂ በኒውዮርክ ገበያ ታይቶ የማይታወቅ ዋጋ ሲደርስ ብዙ ሰው ያነሳው ድርቁን ነው። ከድርቁ ጋር ግን የብራዚልን ዛፎች ግሪኒንግ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ እየጨረሳቸው ነበር።

ብራዚል በሽታ አዲሷ አይደለም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ትሪስቴዛ የተባለ ቫይረስ ሚሊዮኖች ዛፍ ፈጅቶባታል። ተመራማሪዎቿ ምን አደረጉ? በታመመ እርሻ መሃል ደህና የቆሙ ዛፎችን ፈልገው፣ እነሱ ውስጥ ያለውን ደካማ ቫይረስ ለፔራ ብርቱካን ችግኞች አስቀድመው ሰጡ። ደካማው ቀድሞ ቦታ ከያዘ ኃይለኛው ጉዳት ማድረስ ይከብደዋል። ክትባት በሉት። ሚሊዮኖች ዛፍ እንዲህ ተተከለ።

ለኔ ከዚህ የረከሰ የዋጋ ማረጋጊያ የለም። ገደብ ግን አለው፦ ለግሪኒንግ አይሠራም፤ ለአንዱ ዝርያ ደካማ የሆነው ቫይረስ ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል የባለሙያ ሥራ እንጂ የጓሮ ሙከራ አይደለም።

ትሪስቴዛ እኛም አገር አለ። እኛ ግን ችግኝ ስንገዛ የምንጠይቀው "ስንት ነው?" ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ "እናት ዛፉ ተመርምሯል ወይ?" በሉ። ችግኝ ላይ ያተረፋችሁት ብር ከዓመታት በኋላ ከምርቱ ላይ ነው የሚቆረጠው።